ጠጠር እንደሚፈጭ የሚጮህ ፓምፕ፦ ሜካኒካል ሲሉን ተወው፣ ወንፊቱን እይ

ወንድሜ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ከሚጣራበት ማማ አናት የሚወጣውን ቀላል ቤንዚን ከመሰብሰቢያ ጋኑ እየሳበ ወደ ማማው የሚመልሰው ፓምፕ፣ ከትልቁ ጥገና ወዲህ ጠጠር እንደሚፈጭ ይጮሃል ብለሃል። የግፊት መለኪያው ይርገበገባል፣ ሜካኒካል ሲሉም (በዘንጉ ዙሪያ ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚያሽገው ክፍል) ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ዛሬም ያፈሳል። ሦስተኛ ልታዙ ነው።

አትዘዙ። ችግሩ ከመሳቢያው በኩል ነው፤ ፈሳሹ ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ቆሻሻ የሚያስቀረው ወንፊት ተደፍኗል ብዬ እገምታለሁ። በጥገና ወቅት የላላው ዝገት ሥራ ሲጀመር ተጠራርጎ እዚያ ይከማቻል።

የድምፁን ምክንያት ልንገርህ፤ ይህን ያልተረዳ ጠጋኝ ሲል ሲቀይር ይኖራል። ፈሳሽ የሚፈላው ሲሞቅ ብቻ አይደለም፣ ግፊቱ ሲወርድም ይፈላል። ተራራ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላው ለዚህ ነው። ጋኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ገና ከእንፋሎት የተመለሰ ስለሆነ ለመፍላት ትንሽ ነው የቀረው። የሚያግደው ጋኑ ከፓምፑ ከፍ ብሎ በመቀመጡ የሚገኘው ግፊት ነው። የተደፈነ ወንፊት ያንን ግፊት ይበላዋል። ያኔ የኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ፈሳሹን የሚገፋው ክፍል) መግቢያ ላይ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ግፊቱ ወደሚበረታበት ሲዘልቅ ባንዴ ይከስማል። የምትሰማው ይህን ነው። ክስመቱ ብረቱን ይቦረቡራል፣ ዘንጉን ያንቀጠቅጣል፤ በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ላይ የትኛውም ሲል አይበረክትም።

ለማረጋገጥ የመግፊያውን ቫልቭ በትንሹ፣ ቀስ እያልክ ዝጋ። ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ በእርግጥ ከመሳቢያው በኩል ሳይሆን አይቀርም። ካልተለወጠ ኩሽኔታውን ፈትሽ። የመሳቢያው ቫልቭ ግን ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን።

የቀደሙት ጠጋኞች ወንፊቱ ላይ ደቃቅ ሽቦ ደርበዋል ማለትህ በጣም አናደደኝ። እንዲህ ያለው ሽቦ ለማስጀመሪያ ቀናት ብቻ የሚገባ ነው፤ ከዚያ ይወጣል። ርካሹ ደግሞ ዝጎ ይበጣጠስና ኢምፔለሩ ውስጥ ይገባል። አውጥተህ ጣለው።

አሁን በደንብ ስማኝ። ወንፊቱ ላይ የምታገኘው ጥቁር ዝቃጭ የብረት ሰልፋይድ ሊሆን ይችላል፤ አየር አግኝቶ ሲደርቅ ያለ ክብሪት ራሱ ይቀጣጠላል፣ አጠገቡ ደግሞ ቤንዚን አለ። መስመሩን ለይ፣ ወደ ዝግ ማስወገጃው አፍስ፣ በዓይነ ስውር ፍላንጅ (ቀዳዳ በሌለው የቧንቧ መዝጊያ ብረት) ድፈን፣ ሞተሩን ቆልፍ። የጋዝ መለኪያ ሳትይዝ አትክፈት፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ 100 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ) ገደማ ሲደርስ ማሽተትን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ አፍንጫህን አትመን። ክዳኑ እንደተነሳ ወንፊቱን በውሃ አርስ።

ስትገጥም አዲስ ጋስኬት ተጠቀም፤ ከወንፊቱ በፊትና በኋላም የግፊት መለኪያ አስገባ፣ ልዩነቱ ሲያድግ ቀድመህ ታያለህ። ዝቃጩ ግን ከግቢው እስኪወገድ ድረስ እርጥብ ይሁን፤ በደረቅ በርሜል ውስጥ አታስቀምጡት።