መልስ፦ ለጠፍጣፋ እግር ጅማቱን ብቻ መጠገን ይበቃል?
እህቴ፣ የእናትሽ እግር በጉልምስና ጠፍጣፋ ስለሆነ «ጅማቱን ብቻ መጠገን አይበቃም ወይ?» ብለሻል። ብዙ ጊዜ አይበቃም። የእግርን ቅስት ከታች የሚደግፈው፣ ስፕሪንግ ሊጋመንት የሚባለው ጅማት ቢጠገንም፣ ተረከዙ ወደ ውጭ እንደዞረ ከቀረ መልሶ ይለጠጣል። ስለዚህ ሐኪሙ የተረከዙን አጥንት ቆርጦ ወደ ውስጥ ገፋ ያደርግና በብሎን ያስረዋል። ቅስቱን ወደ ላይ የሚስበው ጅማት ከደከመ ደግሞ ትንንሾቹን ጣቶች በሚያጥፈው ጅማት ይተካል።

ይህ በእጅ ሲያቃኑት እሺ ብሎ ወደ ቦታው ለሚመለስ እግር ነው። ደርቆ ከቀረ የመገጣጠሚያውን አጥንቶች እንዳይንቀሳቀሱ አንድ ላይ ማያያዝ ይመጣል።

ማገገሙን አታቃልዪው። 6 ሳምንት ገደማ በክራንች ነው፣ እግራቸው መሬት አይነካም። ሙሉ ለሙሉ ለማገገም እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ቤታችሁ ደረጃ ካለው ከወዲሁ አስቡበት።

ለመሆኑ በዚያ እግር ብቻ ቆመው ተረከዛቸውን ማንሳት ይችላሉ? የጫማ ድጋፍና ፊዚዮቴራፒ ለጥቂት ወራት ሞክረዋል?