ለተርኪ አደን ምን ዓይነት ሱሪ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ቨርጂንያ ውስጥ የስፕሪንግ ተርኪ (ትልቁ የዱር ወፍ) አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ ጠመንጃና የተርኪን ድምፅ እያስመሰለ ስለሚጠራው መጥሪያ ነበር የምትጠይቁኝ፤ ዘንድሮ ስለ ሱሪ የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል። ደስ ብሎኛል። ተርኪ አደን ሰውን ለሰዓታት መሬት ላይ የሚያስቀምጥ አደን ስለሆነ ሱሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጋሼ፣ ለአጋዘን አደን የገዛሁት ወፍራም ሱሪ አለኝ። እሱ አይበቃም?

ለኖቬምበር ብርድ የተሠራ ሱሪ ለኤፕሪል አይሆንህም። ጎህ ሲቀድ ይበርድሃል፣ ረፋዱ ላይ ግን ላብ በላብ ትሆናለህ። ቀጭን ሱሪ ግዛና ለጠዋቱ ብርድ ከሥር ስስ ቴርማል ልበስ።

ከሙቀቱ የሚበልጠው ጉዳይ ግን አቀማመጥህ ነው። አጋዘን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ላይ ነው። ተርኪ የሚጠብቅ ሰው ግን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ዛፍ አስደግፎ፣ ሾትገኑን ባጠፈው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ሱሪውን ቆመህ መስታወት እያየህ አትምረጥ። ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥ፣ ግድግዳ ተደገፍ፣ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሳብ። እንደዚያ ሆነህ ትንሽ ቆይ። ወገቡ ሆድህን ከያዘህ፣ ከኋላ ወርዶ ጀርባህ ከተራቆተ፣ ጉልበቱ ላይ ከተወጠረ መልሰህ ስቀለው። ሰው አየኝ ብለህ አትፈር።

ይህን የምለው ያልተመቸው ሰው ስለሚቁነጠነጥ ነው። የተርኪ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ራሱን ብዙ ሳያዞር አብዛኛውን ዙሪያውን ያያል። አንዴ እግርህን ስትዘረጋ ካየህ ሄደ ማለት ነው።

ጂንስ ለብሼ ብሄድስ? ጠንካራ ነው፣ ደግሞ አለኝ።

ሰማያዊ ጂንስ በፍጹም። ይሄንን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ለሕይወታችሁ ስለማስብ ነው። የወንዱ ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ ሰውነቱ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ይመስላል። ሌላ አዳኝ በቅጠል መሃል እነዚህን ቀለሞች ብልጭ ሲሉ ካየ ተርኪ መስሎት ሊተኩስ ይችላል። በየዓመቱ በአዳኝነት ሥልጠና የሚነገረው ለዚህ ነው። አራቱንም ቀለም ከላይ እስከ ታች አትልበሱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ካልሲውን ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ሱሪው ወደ ላይ ይሳባል፣ ነጭ ካልሲ ካለ ብቅ ይላል። ስለዚህ የሱሪው እግር ቆማችሁ ስታዩት ትንሽ የረዘመ ይሁን፣ ካልሲው ደግሞ ቡናማ ወይም አረንጓዴ። ከኪስ የሚወጣ ነጭ መሐረብም ያው ነው።

የግድ ካሞ፣ ማለትም ቅጠል መሳይ ዝንጉርጉር ልብስ፣ መሆን አለበት?

የግድ አይደለም። ተርኪ ቀለም በደንብ ይለያል፤ ስለዚህ ካሞ ይረዳል። ግን ደብዘዝ ያለ ቡናማ ወይም የወይራ አረንጓዴ ሱሪ ለብሶ ያልተንቀሳቀሰ ሰው፣ ውድ ካሞ ለብሶ ከሚነቃነቅ ሰው ይሻላል።

ጥጥ ነው የሚሻለው ወይስ ናይለን? ሻጮቹ የሚሉኝ ይለያያል።

ንጹሕ ጥጥ ለስላሳ ነው፣ ድምፅም የለውም። ችግሩ ውኃ ነው። በኤፕሪል ጠዋት ሣሩ ጤዛ ብቻ ነው፤ ጥጥ ያንን ይጠጣና ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ናይለን እሾህ ይችላል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ርካሹ ዓይነት ሲራመዱበት ይንሿሿል። የተርኪ ጆሮ ደግሞ ቀላል አይደለም። ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ፀጉራም ጨርቅ ከሁሉም ዝም ያለ ነው፤ እሾህና ጭረት እየለቀመ ቶሎ ያረጃል እንጂ።

እኔ የምመርጠው ግማሽ ጥጥ ግማሽ ናይለን የሆነውን፣ ጨርቁ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘን መስመሮች የሚታዩበትን ሪፕስቶፕ ነው። ቢቀደድ እንኳ ቀዳዳው አይሰፋም። ከወታደር የተረፈ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በዚህ ጨርቅ የተሰፋ ሱሪ በርካሽ ይገኛል። ጉልበቱና መቀመጫው ድርብ ነው፣ ከፊት በዚፕ ፋንታ ቁልፍ ያለውም አለ። ኪሱ በቬልክሮ የሚዘጋ ሱሪ አትግዙ። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ የቬልክሮ ድምፅ የት እንደሚሰማ ሞክራችሁ እዩት።

የሚቀደደው የት ነው? አምና የገዛሁት በአንድ ወቅት አለቀ።

ሁለቱ እግሮች የሚጋጠሙበት ቦታ ነው። አራት ስፌት አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኝበትን ሱሪ ተወው፤ እዚያ ቦታ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ጨርቅ የገባበትን ፈልግ። ስፌቱ ድርብ መሆኑን ገልብጠህ እይ። ቀጥሎ የሚያልቀው መቀመጫው ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ካወቅህ ገና በአዲስነቱ ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ድርብ ይጨምርልህ። የኋላ ኪስህን ባዶ አድርግ፤ ቦርሳም ቁልፍም ሲቀመጡበት ጨርቁን ይበላዋል፣ አንተንም ያምሃል።

እኔ ሴት ነኝ። የባለቤቴን ትንሹን ሱሪ ብለብስ ምን ይለዋል?

እህቴ፣ ወገቡ ሲሰፋሽ ዳሌው ይጠብሻል፣ ስትቀመጪ ደግሞ ከኋላ ይወርዳል። የሴት አደን ሱሪ አሁን በብዛት አለ። ከኋላ ከፍ ያለ ወገብ ያለውንና ስፓንዴክስ የሚባለው የሚለጠጥ ክር በመቶ ጥቂት የገባበትን ያዢ። ላስቲክ ወገብ ከሆነ ቀበቶ ማስገቢያ ይኑረው፤ ኪስሽ ውስጥ ጥይትና መጥሪያ ሲገባ ይጎትተዋልና።

መዥገር እፈራለሁ። ሱሪ ያድናል?

ጥሩ ፍርሃት ነው፤ ብዙ ያድናል። ጥቁር እግሩ መዥገር ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ሎን ስታር የሚባለው ደግሞ ለእኛ ሰው የባሰ ነው። የሱ ንክሻ በአንዳንድ ሰው ላይ የሥጋ አለርጂ ያስነሣል። የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ሥጋ በልቶ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነት ማሳከክ፣ ሆድ መቁረጥ፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ወተትና ቅቤ የማይስማማቸውም አሉ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ላደገበት ሰው ይሄ ትልቅ ኪሳራ ነው። ዶሮና ተርኪ ግን ችግር የላቸውም።

ስለዚህ ቀጭን ቢሆንም ክር ለክር የተጠጋጋ ጨርቅ ልበሱ፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ሱሪውን ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ 0.5 በመቶ ባለው መድኃኒት ከቤት ውጭ ርጩትና ሰቅላችሁ አድርቁት። ለልብስ እንጂ ለቆዳ አይደለም። እርጥብ ሳለ ድመት ይገድላል፤ ድመት ያላችሁ ተጠንቀቁ። ራሳችሁ የረጫችሁት ለ6 እጥበት ያህል ይሠራል። ስትመለሱ ደረቁን ሱሪ ከማጠባችሁ በፊት በከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ 10 ደቂቃ አዙሩት፤ የተደበቀ መዥገር ካለ ይሞታል። ከዚያ ሻወር ግቡና ገላችሁን ፈትሹ፤ ከጉልበት ኋላና ብሽሽት አይዘለል።

ሽታ የሌለው ሳሙና ያስፈልገኛል?

ለአጋዘን አዎ። ተርኪ የማሽተት ኃይሉ ደካማ ነው። ለእሱ የሚያሰጋው ልብስ የሚያፈካው ሳሙና ነው። ተርኪ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያይ፣ በዚያ ሳሙና የታጠበ ሱሪ ያበራበታል። ማፍኪያ የሌለበትን ግዛ።

ዝናብ ቢሆንስ?

ውኃ የማያስገባ ሱሪ ስትራመዱበት ይንሿሿል። ጠቅልላችሁ ያዙትና ቦታችሁ ስትደርሱ ደርቡት። ዝናብ ባይኖርም መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ሥር የሚነጠፍ ትራስ ያዙ።

ከሱሪው ወጣ ልበልና፣ ጾም ላይ ቢውልስ?

ብዙ ጊዜ ይገጥማል። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ነው፤ አደኑ የሚከፈተው በዋዜማው፣ በቅዳም ሹር ነው። በጾም የተገኘ ተርኪ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል።

ለ12 ዓመት ልጄ ትልቅ ልግዛለት? ቶሎ ያድጋል።

እግሩ ቢረዝም እጠፈው፤ ወገቡ ግን ልኩ ይሁን። ልጅ ሱሪውን እየጎተተ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ከዋናው መክፈቻ በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ ለወጣቶችና ለጀማሪዎች የተለየ አደን አለ፤ ሱሪውን ከዚያ ሳምንት በፊት ግዛለትና ጓሮ ውስጥ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጥበት።