ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግን ማን ይፈጥረዋል?

ጥያቄ፦ በአካባቢ ጥበቃ ላይ በሚሠራ የሲቪል ማኅበር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ድንበር ስለሚሻገር ወንዝ ብክለት ሪፖርት እያዘጋጀን ነው። ባልደረባዬ «በሉላዊነት ዘመን እኛም ሆንን ትልልቅ ኩባንያዎች ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ እንፈጥራለን» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከፊሉ እውነት ነው። «እንፈጥራለን» የሚለው ቃል ላይ ግን አልስማማም።

ልማዳዊ ሕግ በስምምነት ሳይጻፍ ከመንግሥታት አሠራር የሚወለድ ሕግ ነው፤ ሁለት ነገር ይፈልጋል። መንግሥታት አንድን ነገር በሰፊውና በተከታታይ ማድረግ አለባቸው። የሚያደርጉትም ሕግ ያስገድደናል ብለው አምነው መሆን አለበት። በወዳጅነት ብቻ የሚደረግ ነገር የቱንም ያህል ቢደጋገም ሕግ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2018 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንዳስቀመጠው፣ የኩባንያዎችና የሲቪል ማኅበራት ተግባር ልማዱን የሚፈጥር አሠራር ተብሎ አይቆጠርም። የመንግሥታትን አሠራር ለመመዘን ግን ሊጠቅም ይችላል።

ይህቺን «ሊጠቅም ይችላል» አይናቋት። በ2019 በፓስፊክ ደሴቶች ያሉ የሕግ ተማሪዎች የአየር ንብረት ለውጥ ጉዳይ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይድረስ ብለው ተነሡ። የፍርድ ቤቱ በር ለግለሰብ ዝግ ነው። ስለዚህ ከደሴት አገሮቹ የአንዷን፣ የቫኑአቱን መንግሥት አሳመኑ፤ ቫኑአቱም ሌሎችን አስተባበረች። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ መራው። በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤቱ በሰጠው የምክር አስተያየት፣ በአካባቢ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳይደርስ የመከላከል ልማዳዊ ግዴታ ለአየር ንብረትም እንደሚሠራ አረጋገጠ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ በመሐል የሆነው ነው። ዝም ብለው የቆዩ መንግሥታት ሳይቀሩ አቋማቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። የመንግሥታትን እምነት የሚያሳየው ማስረጃ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። ተማሪዎቹ ሕጉን አልፈጠሩም፤ ሊፈጥሩት የሚችሉት መንግሥታት እንዲናገሩ አደረጉ።

የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጥናትም ያስተምራል። በ2005 ስለ ጦርነት ሕግ 161 ልማዳዊ ደንቦችን ሰብስቦ አሳተመ። ዛሬ ፍርድ ቤቶች ይጠቅሱታል። የአሜሪካ መንግሥት ግን በ2006 ተቃወመ፤ መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች መግለጫ ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቷል አለ። የእናንተን ሪፖርት የሚያነብ ጠበቃም መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ ቀዳዳ ነው።

ኩባንያዎች ሕጉን አይፈጥሩም ማለት ሕጉ አይነካቸውም ማለት አይደለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 በኔቭሰን የማዕድን ኩባንያ ጉዳይ፣ እንደ ባርነትና የግዳጅ ሥራ ያሉ ልማዳዊ ክልከላዎች ኩባንያንም ሊመለከቱ እንደሚችሉ ገልጾ፣ በኤርትራ ባለው ማዕድን በግዳጅ ሠርተናል ያሉ ኤርትራውያን ሠራተኞች ክስ እንዲቀጥል ፈቅዷል።

ስለዚህ በሪፖርቱ ውስጥ የራሳችሁን አቋም ለብቻው አስቀምጡ። የመንግሥታትን ሕጎች፣ የፍርድ ውሳኔዎች፣ የዲፕሎማሲ ደብዳቤዎችና በተባበሩት መንግሥታት የሰጡትን ድምፅ ደግሞ ከነቀኑ ዘርዝሩ። ወንዙ ድንበር ስለሚሻገር ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2010 በአርጀንቲናና በኡራጓይ መካከል የሰጠውን የወንዝ ፍርድ አንብቡ። የታቀደ የኢንዱስትሪ ሥራ ወደ ጎረቤት አገር የሚሻገር ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ማድረግ ግዴታ እንደሆነ የሚናገረው ክፍል በቀጥታ ይመለከታችኋል።