ከሦስተኛ ወገን ጣሪያ በላይ የሚመጣው ዕዳ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ አይሱዙ አለህ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ትጭናለህ፣ ሦስተኛ ወገን የሚባለውን፣ መኪናህ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለውን የግዴታ ኢንሹራንስ ገብተሃል። አሜሪካ ያለችው እህትህ ደግሞ «አምብሬላ» የሚባል ኢንሹራንስ እንዳላት ነገረችህ። «እኛ ጋ አለ ወይ? ያስፈልገኛልስ?» ነው ያልከው። እኔም በዚሁ መንገድ መኪና ያሠራሁ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ክፉኛ ስለተጎዳሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ታኅሣሥ 2010 ነበር። ሹፌሬ ገብስ ጭኖ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የዚያን ቁልቁለት ጉም ታውቀዋለህ፣ ከዋሻው ወጥተህ ፊትህ ያለውን አታይም። ፍሬን አልይዝ አለውና ዳር ይዞ የቆመ ሚኒባስ ገጨ። ሚኒባሱ ተገፍቶ የሱቅ ግድግዳ ይዞ ገባ። አጠገቡ የቆመ ሰው እግሩ ተሰበረ። የሞተ ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ ሲደወልልኝ «ኢንሹራንስ አለን አይደል?» ነው ያልኩት። እውነትም ነበረን። ግን በ2005 በወጣው አዋጅ 799 መሠረት ያኔ የግዴታው ሽፋን ጣሪያ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ትልቁ መጠን፣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም አካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። የሚኒባሱና የሱቁ ጉዳት ብቻ 390,000 ብር ተገመተ። ኢንሹራንሱ የራሱን 100,000 ከፈለ። ቀሪው 290,000 የእኔ ሆነ። በሽማግሌ ተቀምጠን 260,000 ላይ ተስማማን። የተጎዳው ሰውዬ ሥራ የፈታበት ጊዜ ደግሞ ለብቻው ነው። መኪናዋን ሸጬ ከፈልኩ።

«እኔ አልነዳሁም» ማለትም አያድንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። ይህን ያወቅሁት ጠበቃ ቢሮ ተቀምጬ ነው።

ወደ እህትህ ነገር ልምጣ። አሜሪካ ያለው አምብሬላ ከመኪናና ከቤት ኢንሹራንስ በላይ የሚደረብ ነው። የታችኛው ሽፋን ጣሪያው ላይ ሲደርስ እሱ ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ይጀምራል። የሚከፍለው ለሌላ ሰው ላደረስከው ጉዳት ነው እንጂ ለራስህ መኪና አይደለም። አንድ ነገር ንገራት፦ ኩባንያው የታችኛው ሽፋን ይህን ያህል ይሁን ብሎ ያስገድዳል። ክፍያ ለመቀነስ ብላ የመኪናዋን ሽፋን ዝቅ ካደረገች በመሐል ክፍተት ይፈጠራል። ያንን ክፍተት የምትሞላው ከኪሷ ነው። በመኪናዋ ታክሲ የምትሠራ ከሆነም የግል አምብሬላ ለንግድ ሥራ ብዙውን ጊዜ አይሆንም፣ ትጠይቅ።

እዚህ ላንተ የሚሆነው የሦስተኛ ወገን ጣሪያን ማስጨመር ነው። ስሙ አምብሬላ ባይሆንም ሥራው ይቀራረባል። ኢንሹራንስ ቢሮ ስትሄድ «ከግዴታው በላይ ለአካልና ለንብረት ጉዳት ጣሪያውን ስንት ድረስ ታሳድጉልኛላችሁ? ክፍያውስ በስንት ይጨምራል?» በላቸው። የተለያየ መጠን አስጽፈህ አወዳድር። አንዱ እምቢ ካለህ ሌላ ጋ ሂድ።

«ፉል ገብቻለሁ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ለእነሱ በጣም እሰጋለሁ። ፉል ማለት የራስህ መኪናም ተካተተ ማለት ነው። ለሌላ ሰው የሚከፈለው እዚያም ጣሪያ አለው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። የጫንከው ዕቃ ደግሞ በሦስተኛ ወገን ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው የዕቃ ጉዞ ዋስትና አለው።

ስንት ይሁን ለሚለው፣ እኔ የምቆጥረው እንዲህ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አጠገብህ የሚያልፈውን አስብ፦ የደሴ አውቶቡስ፣ የነዳጅ ቦቴ፣ የሰው ሱቅ። ከእነዚህ አንዱን ብትገጭ ስንት ትጠየቃለህ? ከዚያ ቤትህን፣ መሬትህን፣ መኪናህን ደምር፤ ልታጣው የምትችለው ይኸው ነው። መኪናህ ያረጀ ከሆነና ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃህ፣ ከራስህ መኪና ሽፋን ይልቅ ለሌላ ሰው የሚከፈለውን ጣሪያ ከፍ ማድረጉን እመርጣለሁ። አሮጌ አይሱዙ ቢጠፋ የአይሱዙን ዋጋ ነው የምታጣው። የሰው ዕዳ ግን ወሰን የለውም።

የሹፌርህን መንጃ ፈቃድ ደረጃም ከመኪናው ጋር እንደሚገጥም ዛሬውኑ እይ። ካልገጠመ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው የከፈለውን ካንተ ሊጠይቅ ይችላል።

ውልህ ጥር ላይ ያልቃል ብለሃል። ከመታደሱ በፊት አሁን በእጅህ ያለውን ወረቀት አውጥተህ ለሞት፣ ለአካል ጉዳትና ለንብረት የተጻፉትን ቁጥሮች ለይተህ ጻፍልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።