የካንሰር መዝገብ ዳታ ለመመረቂያ ጥናት ይበቃል ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የማስተርስ መመረቂያሽን በካንሰር መዝገብ ዳታ ልትሠሪ አስበሻል። «አዲስ አበባ ላይ የጡት ካንሰር እየጨመረ ነው ወይ? ምክንያቱስ ምንድን ነው? ይሄ ዳታ ይበቃኛል?» ነው ያልሽው። ለመጀመሪያው፣ በጥንቃቄ ከያዝሽው ይሆናል። ለሁለተኛው ግን መዝገቡ ብቻውን አይመልስልሽም። እኔ ለዓመታት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ከካርድ ክፍል ካርድ ክፍል ስዞር ነበር። በኋላም በዚያው ዳታ የራሴን ጥናት ሠራሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ በ2011 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው የተጀመረው። የአንድ ሆስፒታል ታካሚዎችን ብቻ ሳይሆን፣ በከተማዋ የሚኖሩ አዲስ ታማሚዎችን በሙሉ ለመያዝ የሚሠራ ነው። ለዚህም ከመንግሥትና ከግል ሆስፒታሎች፣ ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ከሚመረመርባቸው የፓቶሎጂ ላቦራቶሪዎችም ይሰበስባል። ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ባሉት አምስት ዓመታት 8,539 ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ከመቶ 67ቱ ሴቶች ናቸው። ከሴቶቹም ሲሶ ገደማ የሚሆኑት የጡት ካንሰር ነው የያዛቸው፤ የማህፀን በር ካንሰር ይከተላል።

አሁን ከእነዚህ ሁሉ አንዷን ብቻ እንይ። ፊቴ ያለው የፓቶሎጂ ውጤት ነው እንበል። ጾታ ሴት፣ ዕድሜ 40። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ «ግራ ጡት» ይላል፤ ከላይ ይሁን ከታች አይናገርም። ውጤቱ ኢንቬሲቭ ደክታል ካርሲኖማ፣ ማለትም ከወተት ቱቦ የሚነሳ ወራሪ የጡት ካንሰር። እኔ ይሄን በዓለም አቀፉ የካንሰር ኮድ ሲ50.9 እና 8500/3 ብዬ ካንሬግ በሚባለው የመዝገብ ሶፍትዌር ላይ አስገባዋለሁ። ሲ50 ጡት ነው። ነጥብ 9 ማለት የጡቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ አልተገለጸም ማለት ነው። 8500 የዕጢው ዓይነት፣ የመጨረሻዋ 3 ደግሞ ወራሪ ካንሰር መሆኑ። ደረጃው (ምን ያህል እንደተሰራጨ) ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ የለም። ስንት ልጅ ወለደች? ጡት አጠባች ወይ? እናቷ ወይም እህቷ ታመው ያውቃሉ? የለም። መዝገቡ ላይ የተያዘው ቀንም በሽታው በምርመራ የተረጋገጠበት ነው እንጂ፣ እሷ ገላዋን ስትታጠብ እብጠቱን መጀመሪያ የዳሰሰችበት አይደለም። «ምክንያቱስ?» ላልሽው መልሱ ለምን እዚህ እንደማይገኝ ይሄ ወረቀት ያሳይሻል።

ደግሞ ያቺ 40። ካርድ ክፍል ዕድሜ ሲጠየቁ ብዙ እናቶች «አርባ በለው» ይላሉ። ዳታሽን በየአንድ ዓመቱ ዘርግተሽ ብትስይው 30፣ 40 እና 50 ላይ ማማ ቆሞ ታገኛለሽ። በአምስት ዓመት ብትከፍይውም በዜሮ የሚጀምሩት ክፍሎች ማበጣቸው አይቀርም። በአሥር ዓመት ከፍለሽም ሞክሪው።

የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ካርዱ በእኛ ነው የተጻፈው፣ ሲስተሙ የሚቀበለው በፈረንጅ። ባዮፕሲው ታኅሣሥ 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሆነ ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ነው። ሰብሳቢው ቸኩሎ ሰባት ብቻ ከደመረ 2016 ይሆናል። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ያለው ሁሉ ስምንት ነው የሚደመርለት። ስለዚህ የዓመቱ ሁለት ሦስተኛ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊሸሽብሽ ይችላል። ዳታውን ስትቀበዪ ቀኑ የት ላይ፣ በማን እንደተቀየረ ጠይቂ።

ስምም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት አንዱ ጋ በ«ፀ»፣ ሌላው ጋ በ«ጸ» ትጻፋለች። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ መልኳ ብዙ ነው። ባዮፕሲ አንድ ቦታ፣ ኦፕራሲዮን ሌላ ቦታ፣ ኬሞ ሦስተኛ ቦታ ከሆነ አንዷ ሴት ሦስት ሰው ልትሆን ትችላለች። በስልክ ቁጥር ነበር ብዙዎቹን የምንይዛቸው። የፋይዳ ቁጥር በየካርዱ ላይ ሲገባ ይሄ ሥራ በጣም እንደሚቀል ተስፋ አለኝ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን አድራሻ ነው። ካርዱ ላይ አዲስ አበባ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ ሳይቀር ተጽፏል። ስልኩን ስደውል ወንድም ያነሳል። «እሷማ ወልዲያ ናት፣ ለሕክምና ነው እኔ ጋ ያረፈችው።» ይቺ ሴት የአዲስ አበባ ነዋሪ ተብላ ከተቆጠረች፣ ከላይ ትገባለች፣ ከታች ግን የለችም። ማለትም ከታማሚዎቹ ጋር ተደመረች፣ ከምትካፈዪበት ሕዝብ ውስጥ ግን አልነበረችም። የከተማው የመከሰት መጠን፣ ማለትም ከሕዝቡ አንጻር አዲስ የሚታመመው ሰው ብዛት፣ ያላግባብ ያድጋል።

ከታች ያለው ሕዝብ ራሱም ችግር አለበት። የመጨረሻው ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ ወደ 2.74 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ትንበያ ነው። ስለዚህ የትኛውን ትንበያ እንደወሰድሽ በግልጽ ጻፊ። ከቻልሽም በሁለት የተለያየ የሕዝብ ቁጥር አስልተሽ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አሳዪ።

«እየጨመረ ነው ወይ?» ወዳልሽው ልመለስ። እኔም ይሄንኑ ነበር የጠየቅኩት። ግራፉን ስስለው የጡት ካንሰር ከአንዱ ዓመት ወደ ቀጣዩ ሽቅብ ወጣ። ደስ አለኝ፣ ግኝት ያገኘሁ መሰለኝ። አማካሪዬ አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «በዚያ ዓመት እናንተ ጋ ምን ተለወጠ?» ሄጄ የድሮ ማስታወሻዎቻችንን አገላበጥኩ። በዚያ ዓመት ነበር አንድ የግል ላቦራቶሪ ውጤቱን ሊሰጠን የተስማማው። ከእሱ የመጡትን አውጥቼ እንደገና ስስለው መስመሩ ተኛ። በሽታው አልጨመረም፣ እኛ ነን ብዙ ማየት የጀመርነው። እና እህቴ፣ ከማንኛውም ትንተና በፊት አንድ ሠንጠረዥ ሥሪ። በየዓመቱ ከየትኛው ተቋም ስንት ሰው እንደመጣ የሚያሳይ። አንዱ ተቋም ድንገት ብቅ ካለ ወይም ከጠፋ፣ መስመርሽን እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

በጥራት መለኪያዎቹም አትሸወጂ። በማይክሮስኮፕ የተረጋገጠው ድርሻ ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ ይመስላል። ወደ መቶ ፐርሰንት ከተጠጋ ግን እኔ እጠራጠራለሁ። የጉበት ካንሰርን አስቢው። ብዙው በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ ያለ ባዮፕሲ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። መዝገቡ ፓቶሎጂ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ እነዚህ ሰዎች ጭራሽ አይታዩም። በሌላ አገር እንዲህ ያመለጡትን በሞት የምስክር ወረቀት ይይዟቸዋል። እኛ ጋ ሞት በአግባቡ ስለማይመዘገብ ያ መንገድ ጠባብ ነው።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «እኛ አገር የጡት ካንሰር ወጣቶችን ነው የሚያጠቃው» የሚባለው። በየመድረኩ ይባላል፣ በየመመረቂያው ይጻፋል። ታማሚዎቻችን በአማካይ ወጣት መሆናቸው እውነት ነው። ግን ሕዝባችንም ወጣት ነው! ለምሳሌ እንበል፣ በሠላሳዎቹ ውስጥ 100,000 ሴቶች አሉ፣ 30 ታመሙ። በስድሳዎቹ ውስጥ 10,000 አሉ፣ 10 ታመሙ። ክሊኒኩ በር ላይ ብትቆሚ የምታዪው ወጣቶችን ነው፣ 30 ለ10። ለ100,000 ሰው ስታሰዪው ግን 30 ለ100 ነው። አደጋው በትልልቆቹ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ትልልቅ እናቶች «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ቤት እንዲቀሩ የሚያደርግ አባባል እንዳትጽፊ፣ በየዕድሜው ያለውን መጠን አስዪ። ከሌላ አገር ጋር ስታወዳድሪም የአገሮቹ የዕድሜ ስብጥር ልዩነት እንዳያሳስትሽ በዓለም መደበኛ ሕዝብ የተስተካከለውን መጠን ተጠቀሚ።

ግሎቦካንን፣ የየአገሩን የካንሰር ቁጥር የሚያወጣውን ዓለም አቀፍ ዳታ፣ ለአዝማሚያ አትጠቀሚው። የኢትዮጵያ ቁጥር እዚያ ላይ ቆጠራ አይደለም፣ ግምት ነው። የአንዱን እትም ከሌላው እያነጻጸሩ «ጨመረ» ማለት እንደማይገባ አዘጋጆቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ።

ረጅም መዝገብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት ከፈለግሽ የኡጋንዳዋን የካምፓላ መዝገብ አንብቢ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ። ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር ከኤችአይቪ ጋር አብሮ ሲወጣና በኋላ ሲወርድ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዴንማርክ ደግሞ ከ1943 ጀምሮ መዝገብ አላት፣ ከ1968 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ የግል ቁጥር አለው። ሁለቱን አገናኝተው ነው «ለምን?» የሚለውን ሳይቀር የሚጠይቁት።

ስለ ሕይወት መቆየትም የጠየቅሽ መስሎኛል፤ «ሰርቫይቫል ልጨምር?» ብለሽ ነበር። ከባድ ነው። እኔ ብዙ ደውያለሁ። ስልኩ ይዘጋል፣ ወይም «አገር ቤት ገባች»፣ ወይም «ፀበል ላይ ናት» ይሉኛል። አንድ አባት «ልጄን ፈልገህ ነው? ቀበርናት እኮ፣ ሰባተኛ ወሯ ነው» ብለውኝ ስልኩን ሳይዘጉት ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ካርዷ ላይ አሁንም በሕይወት እንዳለች ነበር የተጻፈው። የጠፉት ሰዎች እንደ ቀሩት አይደሉም፤ ብዙዎቹ የጠፉት ስለባሰባቸው ነው። ሶፍትዌሩ ግን ይሄን አያውቅም፤ የጠፉትንም እንደ ቀሩት አድርጎ ነው የሚያሰላው። ያለሽ ጊዜ አንድ ዓመት ከሆነ ሰርቫይቫሉን ተዪው።

በአንቺ ቦታ ብሆን ጥያቄውን አጠበዋለሁ። የጡትና የማህፀን በር ካንሰር በየዕድሜው ያለው መጠን ምን ይመስላል፣ ከምንጮቹ ለውጥ ውጪ የሚቀር ጭማሪ አለ ወይ፣ የት ላይስ ነው መረጃ የጎደለው። ይሄ ለአንድ መመረቂያ ከበቂ በላይ ነው። ምክንያቱን የግድ ካልሽ፣ ታማሚዎቹን ከመዝገቡ አግኝተሽ፣ ከጤነኞች ጋር እያነጻጸርሽ ራስሽ መጠየቅ አለብሽ። ያ ሌላ በጀት፣ ሌላ የሥነ ምግባር ፈቃድ ነው።

ዳታውን ስትጠይቂ ፕሮቶኮልሽንና የሥነ ምግባር ፈቃድሽን ይዘሽ ሂጂ። ስምና ስልክ አትጠይቂ፣ አያስፈልግሽም። ሠንጠረዥ ስትሠሪም በአንድ ወረዳ አንዲት ሴት ብቻ ያለችበትን ክፍል አታውጪ፤ ጎረቤት ማን እንደሆነች ያውቃል። ከዳታው ጋር ከሰብሳቢዎቹ አንዱን ለግማሽ ቀን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪ። የምትፈልጊያቸውን ተለዋዋጮች ዝርዝር እዚህ ለጥፊው፣ የትኞቹ ባዶ እንደሚሆኑብሽ አስቀድሜ እነግርሻለሁ።