ዲስሌክሲያ ሲያድግ ይለቀዋል ወይ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። የ9 ዓመት ልጅሽ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አሁንም ፊደል በፊደል እየለቀመ እንደሚያነብ፣ አስተማሪው «ሰነፍ ነው» እንዳሉሽ፣ ያየው ባለሙያ ደግሞ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር መሆኑን እንደነገረሽ ጽፈሻል። ሲያድግ ይለቀዋል ወይ? ጥፋቱ የኔ ይሆን? ለልጁስ ልንገረው ወይስ ልደብቀው? ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ዲስሌክሲያ ያለብኝ ነርስ ነኝ፤ የልጅ እናትም ነኝ። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብለውሻል። በቅንነት ነው ያሉት፤ ግን ልክ አይደለም። አይተወውም። ቦታ ነው የሚቀያይረው። ወዴት ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመሽ ካወቅሽ ግን እዚያው ቀድመሽ ትጠብቂዋለሽ፤ ማስረዘሜም ለዚህ ነው። (ደግሞ ይህን የምጽፈው በጣቴ አይደለም፤ እያወራሁ ስልኬ ነው የሚጽፍልኝ። የተጣመመ ቃል ካየሽ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የስልኩ ነው።)

ልጅ ሆኜ ሀሁን ከማንም ልጅ አስተካክዬ እወርደው ነበር። ዜማውን ስለያዝኩት ከሀ እስከ ፐ ሳልደናቀፍ እዘልቃለሁ። ጉዴ የሚፈላው ገበታው ላይ አንዱን ፊደል ነጥለው «ይቺ ማን ናት?» ሲሉኝ ነው። «ሙ»ን ብጠየቅ ከላይኛው መስመር ተነስቼ ሀ ሁ ሂን በሆዴ እወርዳለሁ፣ ለ ሉ ሊን እወርዳለሁ፣ ሐ ሑ ሒን እወርዳለሁ፣ ከዚያ መ... ሙ። እኔ እስክደርስ ሌላው ልጅ መልሶታል። ለ፣ ሰ እና በ ደግሞ ሁለት ሁለት እግር ይዘው ሲቆሙ ማንኛው ማን እንደሆነ ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ቤት ውስጥ ግን ተረት የምደግመው፣ የሰማሁትን የማልረሳው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የደረሱበት ድምዳሜ «ብትፈልግ ትችላለች» የሚል ሆነ። ይህን ዐረፍተ ነገር ልጅሽ ጆሮ አጠገብ እንዳታደርሺው። «አትችልም» ከመባል የባሰ ነው፤ የማትችይውን ሁሉ ሆን ብለሽ እንደተውሽው ያስቆጥርብሻል።

የዓይን ጉዳይ አይደለም። (ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፤ ግን ሌላ ችግር እንዳይኖር ለማረጋገጥ ያህል ነው።) ፊደል መገልበጥም ብቻውን ምልክቱ አይደለም፤ ማንበብ የሚጀምር ልጅ ሁሉ ይገለብጣል። ዋናው ችግር ያለው ድምፅ ላይ ነው፤ ቃሉን በውስጡ ወዳሉት ድምፆች መበታተን፣ ከዚያም ድምፁን ከቅርጹ ጋር ቶሎ ማገናኘት ላይ። ከልጅሽ ጋር እንዲህ ብለሽ ተጫወቺ፦ «ወንበር» በል፤ «ወን»ን ተወው፤ ምን ቀረ? «በር»። «ሰላም» በል፤ «ሰ»ን ተወው፤ «ላም»። ለብዙ የ9 ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነው። እኔ በዚያ ዕድሜ ላብ ያሰምጠኝ ነበር።

«ሰነፍ» ላሉሽ አስተማሪ አንድ ነገር ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል። ልጁ ብሩህ ነው፤ በጨዋታም ከእኩዮቹ አያንስም፤ ማንበብ ግን አልሆንለት ብሏል። ለዓመታት ያስተማረው መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ጎበዙ ይህ ልጅ ይሆን ነበር ማለቱን ሐኪሙ መዝግቦታል። ያ መምህር ስለ ዲስሌክሲያ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ልጁን ግን አስተውሎት ነበር። ዲስሌክሲያ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 በሚሆነው ላይ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ልጅሽ ክፍል ውስጥ 40 ልጆች ካሉ እንደሱ ያለ ሌላም አንድ ሁለት አይጠፋም።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ቴሌቪዥን ስላየ፣ ዘግይተሽ ስላስጀመርሽው፣ ሥራ በዝቶብሽ ስላላስጠናሽው የመጣ አይደለም። በዘር የሚወረስ ነገር ነው፤ ወላጁ ያለበት ልጅ እሱም ላይ የመገኘት ዕድሉ ከሌላው በብዙ ይበልጣል። አባቴ ማንኛውንም ወረቀት «እስቲ አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» እያለ ለእናቴ ይሰጣት ነበር። እኔ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነበር፤ ሌላም ነገር ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ አንድ የሚያታልል ነገር ይመጣል። ፊደላችን ቁጥሩ ብዙ ነው እንጂ አንዴ ካወቅሽው አይከዳሽም፤ «ሙ» ሁልጊዜ «ሙ» ነው። ስለዚህ ልጁ ጊዜ ይፍጅበት እንጂ በትክክል ማንበብ ይደርሳል፤ ቤተሰቡም «ተገላገልን» ይላል። ከዚያ እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ አንዱ ፊደል አሥር ዓይነት ድምፅ የሚሰጥበት፣ ተጽፎ የማይነበብ ፊደል ያለበት። ልጁ እንደገና ይወድቃል፤ «በአማርኛ እያነበበ በእንግሊዝኛ እንዴት አቃተው? ሰንፎ ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸው ጣልያናውያንን፣ ፈረንሳውያንንና እንግሊዛውያንን አነጻጽሮ ነበር። ሲያነቡ አንጎላቸው ላይ የታየው ድክመት አንድ ዓይነት ነው፤ ጣልያኖቹ ግን በንባብ ከሌሎቹ ይሻሉ ነበር፣ ጣልያንኛ እንደተጻፈ ስለሚነበብ። ልጅሽ በአማርኛ ሲሻሻል ደስ ይበልሽ፤ ዳነ ብለሽ ግን ድጋፉን እንዳታቋርጪ። እኔ ላይ ያቋረጡት ልክ እዚያ ጋ ነው።

አማርኛውም ቢሆን ወጥመድ አለው። መጥበቅና መላላቱ አይጻፍም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የምታውቂው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ቀልጣፋ አንባቢ ዓይኑ ወደፊት ቀድሞ ስለሚያይ ጨርሶ አይታወቀውም። እኔ ቃል በቃል ስለምለቅም የሚያስረዳኝ ቃል የሚደርሰው ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። አላልቼ ያነበብኩትን ተመልሼ አጠብቀዋለሁ፤ እሱን ሳስተካክል የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋብኛል። እንደገና ከላይ። ልጅሽ አንድ መስመር ላይ ሲመላለስ ካየሽው ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ እየሠራ ያለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ «ምን ተረዳህ?» ስትይው ባዶ ቢሆን አይግረምሽ፤ ጉልበቱን ሁሉ ፊደሉ ጨርሶታል። ያንኑ ገጽ ራስሽ አንብበሽለት ጠይቂው፤ ልዩነቱን ታያለሽ።

ከፍ ሲል ችግሩ ማንበብ ሳይሆን መደበቅ ይሆናል። ተራዬ ሲደርስ ውኃ ልጠጣ ብዬ መውጣት፣ የቡድን ሥራ ላይ «እኔ አቀርባለሁ፣ እናንተ ጻፉ» ማለት፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ፎርም አምጥተው ፊቴ ቆመው ሲጠብቁኝ «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» ማለት። መነጽር አድርጌ አላውቅም። የሚገርመው፣ ሀሌታውን ከሐመሩ፣ እሳቱን ከንጉሡ ማምታታት ላይ ማንም አልነቃብኝም፤ አገር ምድሩ ስለሚያምታታ በዚህ በኩል ፊደሉ ራሱ ጠበቃ ሆኖልኛል። ማንበቡ ያደክማል፤ መደበቁ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ከትምህርትም ከሥራም የምትመርጪው የምትወጂውን ሳይሆን የማትጋለጪበትን ይሆናል።

ሥራ ላይስ? ነርስ ለሆነ ሰው የፊደል ስህተት ቀልድ አይደለም። ሃይድራላዚን የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ሃይድሮክሲዚን ማሳከክ የሚያስታግስ። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ መጀመሪያቸውም መጨረሻቸውም አንድ ነው፤ የሚለያዩት መሃል ላይ ነው። የኔ ዓይን ደግሞ ጫፍና ጫፉን ይዞ መሃሉን መገመት ይቀናዋል። ስለዚህ ጣቴን ከሥር አድርጌ መሃሉን ብቻ ቆራርጬ አነባለሁ፤ ከዚያ ከትዕዛዙ ጋር አስተያያለሁ፤ ከዚያ ባልደረባዬን «እይልኝ» እላለሁ። ደስ የሚለው፣ የሚለየውን የቃሉን ክፍል በካፒታል ሌተር አጉልቶ መጻፍ፣ የቃል ትዕዛዝን መልሶ ለሐኪሙ ማንበብ፣ አደገኛ መድኃኒትን ሁለት ሰው እንዲያየው ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ ለሁሉም ሠራተኛ የወጡ የደኅንነት ልማዶች ናቸው። ሌላው እየረሳ የሚያልፋቸውን እኔ አንድም ቀን አላልፋቸውም። የሌሊት ፈረቃ ንጋት ላይ፣ ስደክም ንባቤ እንደሚብስ ስለማውቅ ርክክብ የምሰጥበትን ማስታወሻ ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው የምጀምረው። ግራና ቀኝ አሁንም ያምታታኛል፤ በእጄ እየነካሁ ነው የምናገረው።

ለአለቃዬ መጀመሪያ የነገርኩት ስሙን ሳይሆን የሚያስፈልገኝን ነበር፦ ረጅም ጽሑፍ ቀደም ብሎ ይሰጠኝ፣ ስብሰባ ላይ ድንገት አንብቢ አትበሉኝ። ስሙን ያነሳሁት ሥራዬን ካዩ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ሌላ ይመክርሽ ይሆናል፤ እኔ ግን ስም ቀድሞ ሲመጣ ሰው ከሥራሽ በፊት ስሙን ያያል ባይ ነኝ።

የሚጠቅመውን ባጭሩ። ከድምፅ ተነስቶ፣ በቅደም ተከተል፣ በግልጽ፣ እየደጋገሙ ማስተማር። የኦርተን ጊሊንግሃም አካሄድ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተሠራበት ነው፤ ብዙዎቹ የዛሬ ዘዴዎች መሠረታቸው እዚያ ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይሻላል፤ ቅዳሜን ሙሉ ማሰቃየት ዋጋ የለውም። መቶ ጊዜ ማስገልበጥም አያስተምርም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያደክመው። ባለቀለም መነጽርና የዓይን ልምምድ ቢሸጡልሽ ገንዘብሽን ያዢ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከዓይን ሐኪሞች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ማስረጃ የላቸውም ብሏል። ለዲስሌክሲያ ተብለው የተሠሩ የፊደል ቅርጾችም ያን ያህል አልሆኑም። በፊደላት መካከል ያለውን ክፍተት ማስፋት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ጣልያናውያንና ፈረንሳውያን ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት ፍጥነትም ጨምሯል፣ ስህተትም ቀንሷል። ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ አስፍተሽ አትሚለት። የጉግል ኪቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ሲነገረው ይጽፋል፤ ታሪክ ሊነግርሽ ሲፈልግ ይናገር፣ ስልኩ ይጻፍለት። ትኩረት የማጣት ችግር አብሮ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ ባለሙያውን እሱንም ጠይቂው።

«አንስታይንም ነበረበት፣ ዲስሌክሲያ ስጦታ ነው» የሚሉሽን እለፊያቸው። የአንስታይኑ ማስረጃ የለውም። ማሳየት ካስፈለገ ካሮል ግራይደር አለች፤ ዲስሌክሲያ እንዳለባት ራሷ የተናገረች፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕክምና ኖቤል የተሸለመች ሳይንቲስት ናት። ግን ልጅሽ በደንብ ለመኖር ኖቤል ማምጣት የለበትም።

ንገሪው። ካልነገርሽው ራሱ ስም ያወጣለታል፤ የሚያወጣውም «ደደብ» የሚል ነው። «ጭንቅላትህ ደኅና ነው፤ ድምፅንና ፊደልን ማገናኘት ላይ ግን ዘገም ይላል፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ እንማረዋለን» በቂ ነው። እኔ ለራሴ ልጅ ለመናገር ያስገደደችኝ እሷው ናት። ማታ ማታ መጽሐፍ ይዤ ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ አወራላት ነበር። ማንበብ ስትለምድ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ እዚህ እኮ እንደሱ አይልም» አለችኝ። ነገርኳት። «እሺ፣ እኔ ላንብብ፣ አንቺ ደግሞ ያንቺን ንገሪኝ» አለች፤ አሁን በየተራ ነን፤ ያንቺው ይሻላል የምትልበትም ቀን አለ።

አስተማሪው ዘንድ ስትሄጂ ለክርክር አትሂጂ። ባለሙያው የጻፈልሽን ወረቀት ኮፒ ስጫቸውና ጥቂት ነገር ለምኚ፦ ድንገት አስነስተው አያስነብቡት፤ የሚያነብበትን አንቀጽ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩት፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይጨምሩለት ወይ በቃል ይጠይቁት፤ ሳይንስ ላይ በፊደል ስህተት ነጥብ አይቀንሱበት። እምቢ ካሉ የመጀመሪያውን ብቻ አጥብቀሽ ያዢ። ክፍል በቀየረ ቁጥር ይህን ንግግር ከአዲስ አስተማሪ ጋር ከሀ ትጀምሪዋለሽ፤ ይሰለቻል፤ እኔም አለቃ በተቀየረ ቁጥር አሁንም አደርገዋለሁ። ወረቀቱን ዋናውን አትስጪ፣ ኮፒውን ነው።