ካርቦንም ንጥረ ነገር፣ ፕሮቲንም ንጥረ ነገር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ 7ኛ ክፍል ሳይንስ በአማርኛ አስተምራለሁ። ካርቦን ንጥረ ነገር ነው ብዬ ባስተማርኩ ማግስት አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ትናንት በሬዲዮ እንቁላል ፕሮቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው ሲሉ ሰማሁ። ፕሮቲንም እንደ ካርቦን ንጥረ ነገር ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ ምክንያቱን ግን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ «ኦርጋኒክ ማለት ካርቦን ያለው ከሆነ፣ ኦርጋኒክ ያልሆነ ቡና ካርቦን የለውም ማለት ነው?» ብላ ጨመረችበት። የተሳሳተው ሬዲዮው ነው ወይስ መጽሐፉ? በዚያው ስብና ቅባት አንድ መሆናቸውን፣ «ፕሮቲኖች» ማለት ይቻል እንደሆነም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ጆሮ አላቸው። ሁለቱም የጠየቁት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። «ንጥረ ነገር» የሚለውን ቃል ያለ ዕረፍት እያሠራነው ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ በአንድ ትርጉም ይጠቀምበታል፣ የጤና ባለሙያው በሌላ። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሲሰማ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ከግሡ እንነሣ። «ነጠረ» ማለት ጠራ፣ ከባዕድ ነገር ተለየ ማለት ነው። ወርቅ በእሳት ይነጥራል። ክርክር ሲበዛ «እውነቱ ነጥሮ ይውጣ» እንላለን። ኬሚስትሪ ቃሉን የወሰደው በዚህ መንፈስ ነው፤ የወሰደው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ነው። ንጥረ ነገር የሚባለው ነጥሮ ነጥሮ፣ በየትኛውም ኬሚካላዊ መንገድ ቢሞክሩት ወደ ሌላ ነገር የማይለያይ ነው። ካርቦን እንዲህ ነው። ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ብረት፣ ወርቅም እንዲሁ።

ግርታው ያለው የወጥ ቤቱ ንጥር ከኬሚስትሪው ንጥር ጋር እኩል ባለመሆኑ ነው። ይህን ለልጆቹ ለማሳየት ከቅቤ የተሻለ ነገር አላውቅም። ከጅማው ሂርማታ ገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤ አብዛኛው ስብ ነው። ውሃም አለበት፤ ከወተቱ የቀረ ጥቂት ፕሮቲንና ስኳርም አለበት። ድስቱ ተጥዶ ሲነጠር መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ውሃው እየወጣ ነው። አረፋ ይሰበስባል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ይገባል። ድምፁ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ውሃው እያለቀ መሆኑን ባለሙያዋ ታውቃለች። የወተቱ ፕሮቲን ከቅመሙ ጋር ከሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ይንቆረቆራል። ለወጥ ይህ በቂ ነው፤ ነጥሯል። ለኬሚስትሪ ግን ገና ነው። የጠራው ቅቤ ራሱ የስብ ሞለኪውሎች፣ ማለትም እርስ በርስ የተሳሰሩ አቶሞች፣ ክምችት ነው። እያንዳንዱ የስብ ሞለኪውል የተሠራው ሦስት ፋቲ አሲዶች ግሊሰሮል ከሚባል ሌላ ሞለኪውል ጋር ተያይዘው ነው። እነዚህ ደግሞ የተዋቀሩት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ነው። ስለዚህ ንጥር ቅቤ ንጥር ነው፤ ንጥረ ነገር ግን አይደለም። ልጆቹ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከያዙ ግማሹ ትምህርት አለቀ።

ፕሮቲንም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ፕሮቲን ውህድ ነው፤ ከተለያዩ ንጥረ ነገሮች ተዋሕዶ የተሠራ ማለት ነው። ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ተዋሕደው አሚኖ አሲድ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ ላይ ድኝም አለ። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው፤ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተሰካክተው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ስኳር፣ ስታርች፣ ስብ፣ ዲኤንኤም ሁሉም ውህዶች ናቸው። የሁሉም አጽም ካርቦን ነው። አንድ የካርቦን አቶም በአራት በኩል መተሳሰር ይችላል፤ ከራሱ ዓይነት ጋርም ሰንሰለትና ቀለበት ይሠራል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በዚህ ችሎታ ላይ ቆሟል። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 65 እጅ ያህሉ ኦክስጅን፣ 18 እጅ ያህሉ ካርቦን፣ 10 እጅ ያህሉ ሃይድሮጅን፣ 3 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ልጆቹ ካርቦን አንደኛ አለመሆኑን ሲያዩ ይገረማሉ። ኦክስጅኑ የበዛው ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው ብለው ይንገሯቸው።

ታዲያ ሬዲዮው ተሳስቷል? በኬሚስትሪ መምህር ጆሮ አዎ። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን «በውስጡ ብዙ ንጥረ ነገር አለው» ማለት ከተለመደ ቆይቷል። ሕዝብ የለመደውን አባባል በአንድ ጀምበር አናስቆምም። እኔ የምመክረው ግን ግልጽ ነው። ስለ ምግብ ሲወራ «ንጥረ ምግብ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ እሱን እንጠቀም። «እንቁላል ፕሮቲን የተባለ ንጥረ ምግብ አለው» ቢባል ለሰሚው አንዲት ጠብታ አይከብደውም፣ የእርስዎን ክፍል ደግሞ ከግርታ ያድናል። ጋዜጠኞችና የጤና ባለሙያዎች ይህችን ትንሽ ጥንቃቄ ቢያደርጉ ምንኛ ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ሬዲዮው «አዮዲን የተባለ ንጥረ ነገር» ካለ ልክ ነው። አዮዲን፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክ በኬሚስትሪም ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ በሥነ ምግብ ማዕድናት እንላቸዋለን። ቫይታሚን ግን ከዚህ ጎራ አይደለም። ቫይታሚን ሲ 6 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ያለው ውህድ ነው። «ቫይታሚንና ማዕድን» እያልን አብረን ስለምንጠራቸው አንድ ዓይነት ይመስሉናል እንጂ፣ አንደኛው ካርቦን አዘል ሞለኪውል፣ ሌላኛው ንጥረ ነገር ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚረዳዎት ግሡ ይመስለኛል። ብዙ የመማሪያ ጽሑፍ ላይ «እንቁላል ፕሮቲን አለው፣ ፕሮቲን ካርቦን አለው» የሚል አያለሁ። ሁለቱንም «አለው» ስንል ተማሪው ካርቦኑ ፕሮቲን ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ካርቦኑን ካወጡት ፕሮቲን የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ለምግቡ «ይዟል» ወይም «አለው»፣ ለሞለኪውሉ «ከ... ተዋቅሯል» ይበሉ። እንቁላል ፕሮቲን ይዟል። ፕሮቲን ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ተዋቅሯል። «ተቀላቀለ» እና «ተዋሐደ»ንም ይለዩላቸው። ሽሮና በርበሬ ይቀላቀላሉ፤ አቶሞች ይዋሐዳሉ።

ካርቦኑ በእርግጥ እዚያ እንዳለ ልጆቹ በዓይናቸው ይዩት። አንድ የብረት ማንኪያ ላይ ስኳር፣ ሌላው ላይ ጨው ያድርጉና እሳት ላይ ይያዟቸው። ስኳሩ ይቀልጣል፣ ይቀላል፣ ያራል፣ በመጨረሻ ይከስላል። አማርኛ ለእያንዳንዱ ደረጃ ግሥ አለው፤ ሰሌዳው ላይ ጽፈው በተራ ያስነብቧቸው። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ በአብዛኛው ውሃ ሆነው በእንፋሎት ሲሄዱ ጥቁሩ ካርቦን ይቀራል። ጨው ግን ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ካርቦን ስለሌለው የሚከስል ነገር የለውም። የቡና ምጣድ ላይ የተረሳ ፍሬ፣ ያረረ ቂጣ፣ እሳት የነካው ፀጉር ሁሉም የሚጠቁሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ማንኪያውን እርስዎ ራስዎ ይያዙ። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ ይብሳል፤ ልጆቹ ራቅ ይበሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። «ኦርጋኒክ» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቃል ነው፦ ኬሚስቱና ቡና ነጋዴው።

የኬሚስቱ ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የስዊድኑ ኬሚስት በርዜሊየስና ዘመነኞቹ ቁሶችን ሕይወት ካላቸው የሚገኙና ከማዕድን የሚገኙ ብለው ይከፍሉ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ኦርጋኒክ አሏቸው። ብዙዎች እነዚህን ለመሥራት አንዳች የሕይወት ኃይል ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ከማዕድን ወገን ከሚቆጠር ቁስ ተነሥቶ በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠራ። የሰውም ሆነ የውሻ ኩላሊት አላስፈለገውም። እምነቱ እየላላ ሲሄድ ስሙ ቀረ፤ ዛሬ ኦርጋኒክ ውህድ የሚባለው በመሠረቱ ካርቦን አዘል ውህድ ነው። ካርቦን ኖሯቸው በልማድ ከዚህ ጎራ የማይቆጠሩም አሉ፦ ወደ ውጭ የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የኖራ ድንጋይ።

የነጋዴው ኦርጋኒክ ስለ ሞለኪውል አይናገርም፤ ስለ አመራረት ነው። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያልነካው ማለቱ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ መልሱ አጭር ነው፤ ካርቦን የሌለው ቡና የለም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። ቡናው ጫካ ውስጥ በዛፍ ጥላ ይብቀል፣ ማዳበሪያ በተበተነበት ማሳ ይብቀል፣ ካፌይኑ ያው ካፌይን ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች ፊት ለፊት የሚጋጩበት ቦታ ደግሞ አለ። ቮለር የሠራው ዩሪያ ገበሬው ለማዳበሪያ በከረጢት የሚገዛው ዩሪያ ራሱ ነው። በኬሚስቱ ቋንቋ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው፤ 1 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 1 ኦክስጅን። በኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ግን የተከለከለ ነው። ይህን ለክፍሉ ቢያነሡት ልጆቹ አይረሱትም፤ ብዙዎቹ ቤተሰቦቻቸው ዩሪያን ያውቁታል።

እኔ ብሆን ክፍል ውስጥ መጀመሪያ «ካርቦን አዘል ውህድ» እላለሁ፤ «ኦርጋኒክ ውህድ»ን ቀጥሎ አስተዋውቃለሁ፤ ፈተናው ላይ ስለሚመጣ ይወቁት። ለቡናውና ለማሩ «ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የተመረተ» ይበሉ። «ኬሚካል የሌለው ማር» የሚለውን ማስታወቂያ ግን አይድገሙት። ጅማ አካባቢ ካለው ከጌራ ጫካ የተቆረጠ ማር እንኳ በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ ሁለቱም ኬሚካሎች ናቸው፤ የማሩም ጣፋጭነት የመጣው ከእነሱ ነው።

ስብና ቅባትን በተመለከተ፣ በንግግር እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን፤ ችግርም የለውም። ለትምህርት ግን መለየት ይጠቅማል። ቅባት የቤተሰቡ ስም ይሁን። በክፍል ሙቀት የሚረጋው ስብ፣ የሚፈሰው ዘይት ይባል። ጮማና ሞራ የሥጋ ቤት ቃላት ናቸው፤ እዚያው ይቆዩ። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ ልማድ አለ። «ኃይል ሰጪ ምግብ» ሲባል ካርቦሃይድሬት ብቻ ተደርጎ ይያዛል። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት ወደ 4 ኪሎካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ቅባት ወደ 9 ይሰጣል። ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ የሚሉት ስሞች ምግቡ ለሰውነት የሚሰጠውን ጥቅም ይናገራሉ፤ ከምን እንደተሠራ አይናገሩም። ቆንጆ ስሞች ናቸው፣ አይጣሉ፤ ግን «ኃይል ሰጪ»ን ለካርቦሃይድሬት ትርጉም አድርገው አያስጽፉ።

የመጨረሻው፣ «ፕሮቲኖች»። ይቻላል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ግድ ነው። ስለ ምግቡ መጠን ሲናገሩ ነጠላው ይበቃል፦ «ባቄላ ብዙ ፕሮቲን አለው»። ዘይት ወይም ዱቄት እንደምንለው ነው፤ «ብዙ ፕሮቲኖች አለው» ካሉ ዓይነቱ በዛ ማለትዎ ይሆናል። ስለ ዓይነታቸው ሲናገሩ ግን ብዙ ቁጥር ይጠቀሙ፦ «ፕሮቲኖች እንደ ሥራቸው ቅርጻቸው ይለያያል»። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አንድ ፕሮቲን ነው። የፀጉርና የጥፍሩ ኬራቲን ሌላ ነው። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊንም ሌላ ነው። «ስኳር»ም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፦ ሻይ ውስጥ ስኳር እንጨምራለን፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ግን ስኳሮች ናቸው።